ግማሽ ፀጉር ወደ ግራ

ሰኞ 2፣ ከጠዋቱ 3፡20

አዲሱ ደብተር መስመሩ ጎባጣ ነው። ትናንት ነው የገዛሁት፤ ዛሬ ሱቋ እንደተከፈተ መልሼ ወሰድኩት። ደብተር ሻጯ ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየችና፣ «እማማ፣ ምኑ ነው የጎበጠው?» አለችኝ። ገጹ መሐል ላይ መስመሮቹ ዕቃ እንደበዛበት መደርደሪያ መርገባቸውን በጣቴ አሳየኋት። ሌላ አንሥታ ሰጠችኝ። ያም ያው ነው። የዛሬ ጊዜ ማተሚያ ቤት! የሁለት ሰው ጊዜ ከማጠፋ ብዬ ተቀበልኩ።

በየአደኑ ወቅት አንድ ደብተር እጽፋለሁ፤ ይህ አርባ አንደኛው ነው። አደን ሊከፈት አርባ ቀን ቀርቷል። ከእንግዲህ ሰው ሁሉ ጠመንጃውን ከቁም ሣጥን እያወጣ ማነጣጠሪያ መነጽር ይገጠምልኝ ይላል። ባለቤቴ እንጨቱንና ብረቱን ይሠራ ነበር፤ መነጽሩ የእኔ ነው። እሱ ካረፈ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነው። እንጨቱንና ብረቱን ትቻለሁ። መነጽሩን አልተውኩም።

ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ደንብ እንዳለ ነው፦ «እዚህ ቤት ገደማ አይባልም።» የለጠፍኩት ለባለቤቴ ነበር። ሰዓት ሲጠየቅ «ሦስት ገደማ»፣ ርዝመት ሲጠየቅ «ስንዝር ገደማ»፤ ስሙ ራሱ ገደማ ሆኖ ቀረ።

ረቡዕ 4፣ ከቀኑ 10፡05

የደን ጠባቂው መጣ። ሠላሳ ዓመት ደንበኛችን ነው፤ ባለቤቴ ሲቀበር ሣጥኑን በስተግራ የተሸከመው እሱ ነው። ጠመንጃውን ከጨርቅ ፈቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አዲስ መነጽር ከነካርቶኑ ይዟል።

«እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? አንድ ከርከሮ መከራችንን አበላን። በቆሎውን ጨርሶ አሁን ሰው ጀምሯል።»

«ሰው በላ እንዴ?»

«በላ እንኳ አይባልም። በቆሎ የምትጠብቀዋን ሴትዮ ከመሬት ደባለቃት፤ ክንዷ ተሰብሯል። እንድገድለው ፈቃድ ተጽፎልኛል። ግን ቅርብ አይመጣም፤ አመሻሽ ላይ ከሸለቆው ማዶ ነው የሚታየው። ለዚያ ደግሞ የእኔ ዓይን አበቃ።»

«ዓይን አያበቃም፤ ሰው ነው የሚሰንፈው» አልኩት።

ሳቀ። «ውሃ ልክ እንዲህ ካላለ ማን ይላል!»

ሰፈሩ ሁሉ ውሃ ልክ ነው የሚለኝ። ስሙ የወጣልኝ በሙያ ትምህርት ቤት ነው። የልኬት መምህርታችን ዓርብ ዓርብ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ታሰምረናለች። ከዚያ ከላይ ቱምቢ ታንጠለጥላለች፤ በክር የታሰረ ከባድ የእርሳስ ብረት ነው እንጂ ሌላ አይደለም፣ ግን ክሩ ከመስመሩ ከራቀ በዚያው ማስመሪያ መዳፍ ትመታለች። እኔን አንድ ቀን አልመታችኝም። «እቺ ልጅ ዓይኗ ውስጥ ውሃ ልክ ተቀብሮላታል» አለች። ሃምሳ ስምንት ዓመት አለፈው። «ገደማ የሰነፍ ልክ ነው» የምትለውም እሷ ናት።

ዓርብ 6፣ ከምሽቱ 1፡40

የጠባቂውን ጨረስኩ።

መነጽር መግጠም ሰው እንደሚያስበው ብሎን ማጥበቅ አይደለም። መጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አንድ ጊዜ በዓይን፣ አንድ ጊዜ በትንሿ ጣት ማረጋገጥ። ቀጥሎ የብሎኖቹን ቀዳዳ ከዘይት ማድረቅ፤ ዘይት የነካው ብሎን ሳይጠብቅ ጠበቅሁ ይላል። ከዚያ የመነጽሩ መቀመጫ፣ ከዚያ የቀለበቶቹ የታችኛው ግማሽ። ሁለቱ ቀለበቶች መነጽሩን እንደ እናት እጅ ማቀፍ እንጂ መንከስ የለባቸውም። ከዚያ በዓይንና በመነጽሩ መካከል የሚቀረው ርቀት ነው። ሲጠጋ፣ ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲመታ ቅንድብ ይተረትራል። ከመንገዱ ማዶ ያለውን የቶሎ ቶሎን ደንበኞች በዚህ ነው የማውቃቸው፤ ሁሉም ቅንድባቸው ላይ የግማሽ ጨረቃ ጠባሳ አለ። ሰውየው ጠመንጃ የሸጠለትን ሁሉ እዚያው ቆሞ በአምስት ደቂቃ መነጽር ይገጥምለታል። ስሙም ከዚያ መጣ።

የመጨረሻው መስቀሉ ነው። በመነጽሩ ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሁለት መስመሮች ይሻገራሉ። የቆመው ፀጉር ከጠመንጃው ጋር ቀጥ ማለት አለበት። ዘንበል ካለ ቅርቡን ይመታል፣ ሩቁን ይስታል። መቶ ሜትር ላይ ማንም አያውቅብህም፤ ሦስት መቶ ላይ ገመናህ ይወጣል። ሌላው ሰው ይህን በቱምቢ ነው የሚለካው። እኔ በዓይኔ ነው።

ሥራው የሁለት ሰው ነው። አንዱ ሰደፉ ጋ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ሌላው የብሎን ቁልፉን ይይዛል። የሚያየው «ልክ!» ሲል የሚይዘው ያጠብቃል። ለሠላሳ ስምንት ወቅት «ልክ!» ባይዋ እኔ ነበርኩ። ስንጨርስ ባለቤቴ ጠመንጃውን ሁሉ ወደ ጓሮ ይዞ ይወጣል። «ትንሽ አየር ላስመታው» ይላል፤ ሲጋራውን ሊያጨስ ነው። ሩብ ሰዓት ይቆያል። አሁን ጠመንጃውን የሚይዝልኝ ጠረጴዛው ላይ የታሰረው መቆንጠጫ፣ ሞርሳው ነው። ሞርሳ ከባል ይሻላል፤ አያስልም፣ አያጨስም፣ ገደማ አይልም።

ዛሬም ስጨርስ «ልክ!» አልኩ፤ ጮክ ብዬ። መልስ ስጠብቅ ራሴን ያዝኩት።

እሁድ 8፣ ከቀኑ 11፡12

ልጄ ደወለች። ስምንት ደቂቃ።

«እማዬ፣ መነጽርሽን ቀየርሽ?»

«የትኛውን? የጠመንጃውን ወይስ የአፍንጫዬን?»

«የአፍንጫሽን።»

«ደህና ነው።»

«ባለፈው ስመጣ ጨው ነው ብለሽ ስኳር...»

«ዕቃዎቹ ተመሳሳይ ናቸው።»

ከኋላዋ ሳህን ይንኳኳል፤ አንድ ሰው ይስቃል። «እኛ ቤት ያቺ ክፍል አሁንም ባዶ ናት» አለች። «መስኮቷ ፀሐይ ታገኛለች።» እኔም የጓሮውን በር ክፍት እንደተውኩ ነግሬያት ስልኩን ዘጋሁ። በሩ ተዘግቶ ነበር።

ማክሰኞ 10፣ ከቀኑ 8፡00

ሦስት ጠመንጃ በአንድ ጠዋት። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ይጻፍልኝ። አዲሶቹ መነጽሮች ሁሉ ፀጉራቸው ወደ ግራ ዘምሞ ነው የሚመጣው። የፋብሪካ ስንፍና። ሦስቱንም አቃናሁ።

ውሃ ስቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ፈሰሰ። አፉ ጠማማ ነው። ጣልኩት።

ሰኞ 16፣ ከቀኑ 9፡30

ማክሰኞ ከገጠምኩላቸው አንዱ፣ ፋርማሲስቱ፣ ጠመንጃውን መለሰ።

«እማማ፣ መቶ ሜትር ላይ ሳንቲም ይመታል። ሦስት መቶ ላይ ጎረቤት ይመታል።»

«ወደየት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ቀኝ።»

«አንገትህን ታዘነብላለህ።»

«እኔ? አላዘነብልም።»

«አሁን ራሱ አዘንብለሃል።»

አንገቱን በእጁ ዳሰሰ፤ እውነት መስሎት። ጠመንጃውን አየሁለት፤ ፀጉሩ እንደተውኩት ቀጥ ብሏል። እንዲያው ልቡ እንዲያርፍ ብሎኖቹን አላልቼ መልሼ አጠበቅሁና ሰጠሁት። ሲያመሰግነኝ ፊቱን ልብ ብዬ አየሁት፤ አፍንጫው መሐሉ ላይ ወደ ግራ ሸሽቷል። ፊቱ እንዲህ የተጣመመ ሰው ኢላማ ቢስት ምን ይገርማል? ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። ወድቆ ይሆናል። አልጠየቅሁትም፤ ነውር ነው።

ሐሙስ 19፣ ከቀኑ 5፡45

የሱቁ በር መቃን ሆዱን ነፍቷል። አናጢውን አስጠራሁ። ውሃ ልኩን መቃኑ ላይ ለጠፈና «ይኸው እማማ፣ አረፋዋ መሐል ናት። የቆመ ወታደር ነው» አለ። እንድመለከት አቀረበልኝ። መስታወቱ ቆሽሿል፤ መሐሉ ላይ እንደ ጉም ያለ ነገር ነበር፤ አረፋውን አላየሁትም። መሣሪያውን እንዲጠርግ መከርኩት። መሣሪያውን አገላብጦ አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ።

እሁድ 22፣ ከምሽቱ 12፡50

ልጄ አልደወለችም። ሥራ ይዟት ይሆናል። እስከ 12፡30 ጠበቅሁ። ከዚያ ስልኩ መሥራቱን ለማረጋገጥ ሰዓት ወደሚናገረው ቁጥር ደወልኩ። ይሠራል። የሴትዮዋ ድምፅ ጥርት ያለ ነው፤ ሴኮንዱን እንኳ አትዘልም። ሁለተኛ ደወልኩ።

ማክሰኞ 24፣ ከቀኑ 11፡20

ባለፈው ሳምንት መነጽር የገጠምኩለት ልብስ ሰፊ ጠመንጃውን ተሸክሞ ወደ ቶሎ ቶሎ ሱቅ ሲገባ አየሁት። በእኔ በር ነው ያለፈው፤ ሰላም አላለኝም። ከበሬታ ይሆናል።

ደጄን ስጠርግ የማዶው ድምፅ ይሰማል። ቶሎ ቶሎ መቼም በሹክሹክታ መናገር አልተፈጠረበትም።

«አራተኛው ነህ» አለ። «እኔ እንጃ፣ ውሃ ልኳ የፈሰሰባት መሰለኝ።»

ሳቁ። ልብስ ሰፊው ግን አልሳቀም፤ ይህን መጻፍ አለብኝ።

ስለ እኔ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር የለም። ስለ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። የጠረግሁትን እንደገና ጠረግሁት።

አራት ማለት ግን ብዙ ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ አንድም አልተመለሰም። ያኔ መነጽሮቹ ጥሩ ነበሩ።

ሰኞ 30፣ ከጠዋቱ 2፡15

ዳቦ ሻጯ ነገረችኝ። የደን ጠባቂው ቅዳሜ አመሻሽ ከሸለቆው ማዶ ከርከሮውን ተኮሰው። ትከሻውን አነጣጥሮ ዳሌውን መታው። አውሬው ደሙን እያንጠባጠበ ጫካ ገባ፤ እሱም የቆሰለ ጥሎ መሄድ ነውር ነው ብሎ ተከተለው። ከርከሮው ቁጥቋጦ ውስጥ አድፍጦ ጠበቀውና ባቱን ተረተረው። አሥራ አንድ ስፌት። ከርከሮው አልተገኘም።

«ትከሻና ዳሌ እንዴት ይሳሳታል?» አለች ዳቦ ሻጯ፤ ዳቦውን እየጠቀለለች።

ልጠይቀው ተነሣሁ። ጫማዬን አሠርኩ። ፈታሁ። ሄጄ ምን እላለሁ? ሰው የሚጠየቀው በባዶ እጅ አይደለም። አሠርኩ። ዝናብ ሊጥል መሰለኝ። ፈታሁ።

አልዘነበም።

ረቡዕ 2፣ ከቀኑ 10፡30

ራሱ መጣ። በከዘራ። እኔ ልጠይቀው ሲገባ እሱ ጠየቀኝ።

ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩን ዘረጋና መሬት መሬት እያየ፣ «እጄ ነው እትዬ» አለ። «ቸኮልኩ። ቃታውን ሳብኩት።»

ይህ ሰው በሠላሳ ዓመት ውስጥ ቃታ በችኮላ ስቦ አያውቅም። ባለቤቴ «ቃታ ሲስብ እንቁላል የሚልጥ ይመስላል» ይለው ነበር።

«አሁንማ ብሶበታል» አለ። «የቆሰለ አውሬ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ሴቶቹ በቆሎ ጥበቃ አንወጣም ብለዋል። ቅዳሜ ማታ ማማው ላይ ሆኜ እጠብቀዋለሁ። ለመተኮስ መቼስ እግር አያስፈልግም።» ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አደረገ። «እንዲያው ለልቤ አንዴ ይዩልኝ። የእርስዎ ሥራ መቼም...»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። እኔም አልጨረስኩለትም። ይሉኝታ ሁለታችንንም አፋችንን ይዞን ሻይ ጠጣን።

ሐሙስ 3፣ ከምሽቱ 1፡25

በሥርዓት እጽፋለሁ።

ከጠዋቱ 2፡00 ጀምሮ የጠባቂውን መነጽር አምስት ጊዜ ፈትቼ አምስት ጊዜ ገጠምኩ። አምስቱንም ጊዜ ልክ ነበር። ከሞርሳው ራቅ ብዬ ስመለስ አምስቱንም ጊዜ ዘምሟል። ቅዳሜ የሚወጣው ያ ሰው መሮጥ አይችልም። ይህ ነገር እጄን ከብሎኑ ላይ አነሣው።

ያን ጊዜ የጓሮው ቱምቢ ትዝ አለኝ። ግንቡ ላይ ባለቤቴ የሰቀለው ነው፤ እኔ ከልብስ መስቀያው ሚስማር ለይቼ አስቤው አላውቅም። ወጣሁ። እርሳሱ አሮጌ ነው፤ ክሩ ግን ናይለን ነው፣ ያልበሰበሰ። ሚስማሩ በመነካካት አብረቅርቋል። ከግንቡ ሃያ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ፣ መሬት ውስጥ ሁለት ችካል ተተክሏል፤ ጠመንጃ የሚያስደግፍ። ለቲማቲም የተተከለ ይመስለኝ ነበር። ቲማቲም ተክለን አናውቅም።

ክሩን ተመለከትኩ። ወደ ግራ ጎብጧል።

ነፋሱ እስኪቆም ጠበቅሁ። ነፋስ አልነበረም፤ የተሰጣው ጨርቅ አይንቀሳቀስም። ቀኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ግራዬ ከልጅነቴ ሰነፍ ነው፣ ሁሉን ነገር በወተት ውስጥ ነው የሚያየው፤ በወተቱ ውስጥ ግን ክሩ ቀጥ ብሎ ወረደ። ቀኙን ገለጥኩ። ጎበጠ። አሥራ ሁለት ጊዜ አደረግሁት። አሥራ ሁለቱንም ጊዜ።

እርሳስ የተንጠለጠለበት ክር አይጎብጥም። መምህርቴ ይህን ለመማር የከፈልነው መዳፋችንን ነው ትለን ነበር።

ስለዚህ ደብተሩ አልጎበጠም። የበሩ መቃንም። ብርጭቆውም። የፋርማሲስቱ አፍንጫም ከእናቱ እንደወጣ ነው።

ዓርብ 4፣ ከጠዋቱ 12፡40

ለእያንዳንዱ ጠመንጃ ካርድ አለን፤ የባለቤቱ ስም፣ የቀለበቱ ዓይነት፣ የብሎኑ ጥብቀት፣ ከታች «ልክ» የሚል ቃልና የእኔ ፊርማ። የጠባቂው አሮጌ መነጽር በስንት ጥብቀት እንደታሰረ ለማየት የዛሬ ሦስት ዓመቱን ካርድ አወጣሁ። ሳስቀምጠው ተገለበጠ።

ጀርባው ላይ የባለቤቴ የእርሳስ ጽሑፍ አለ። አጉሊ መነጽር ይዤ በግራ ዓይኔ፣ ፊደል በፊደል አነበብኩት።

«አንድ ፀጉር ገደማ ወደ ግራ መለስኩ።»

ሣጥኑን ሁሉ ገለበጥኩት። ሠላሳ አንድ ካርድ። የመጀመሪያው ከማረፉ አሥራ አራት ወር በፊት የተጻፈ ነው፦ «ግማሽ ፀጉር ገደማ ወደ ግራ መለስኩ። ደክሟት ይሆናል።» ከዚያ፦ «ዛሬም ግማሽ ገደማ።» ከዚያ፦ «አንድ ገደማ። ድካም አይደለም።» እንዲህ እያለ ይሄዳል። የመጨረሻው፣ ሆስፒታል ከመግባቱ ከአራት ቀን በፊት፦ «ሁለት ፀጉር ገደማ ወደ ግራ። ዛሬ ልነግራት ነበር። ስትሠራ እያፏጨች ነበርና ተውኩት።»

እኔ አላፏጭም።

ሩብ ሰዓት ይቆያል ብዬ ጽፌያለሁ፤ ለአንድ ሲጋራ ሩብ ሰዓት ይበዛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ባሌ፣ ከጓሮ ስትመለስ የሲጋራ ሽታ ነበረብህ ወይስ አልነበረብህም? ይህን እንኳ ልብ አላልኩም። ሁሉን ነገር የምለካ ሴት!

አንድ ነገር ግን ልንገርህ፤ አንተ ሰው፣ ደግ አላደረግህም። ብትነግረኝ እጮህብህ ነበር፤ ሳምንት አኮርፍህ ነበር፤ ከዚያ ቁልፉን እኔ እይዝ፣ «ልክ!» የምትለው አንተ ትሆን ነበር። አሁን በጠባቂው ባት ላይ አሥራ አንድ ስፌት አለ። የአንተና የእኔ ነው። አምስት ተኩል አምስት ተኩል እንካፈለው።

ዓርብ 4፣ ከምሽቱ 1፡50

መንገዱን ተሻገርኩ። ሰባት እርምጃ ነው፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ተራምጄው አላውቅም። ጠመንጃው በጨርቅ ተጠቅልሎ ትከሻዬ ላይ ነበር።

ቶሎ ቶሎ ሁለት ደንበኞች ይዞ ነበር። «እሜቴ ውሃ ልክ!» አለ፤ እጁን ዘርግቶ እንደ አስተናጋጅ ጎንበስ ብሎ። «መንገድ ጠፍቶብዎት ነው?»

«ዓይንህን አውሰኝ» አልኩት።

«ምኔን?»

«ዓይንህን። ለአንድ ሰዓት። የእኔ ተበላሽቷል።»

ያዘጋጀው ቀልድ ፊቱ ላይ ሲሞት አየሁት፤ ይህን ያህል እንኳ አያለሁ። ደንበኞቹን «ነገ፣ ነገ» እያለ በር ድረስ ሸኛቸው። ካቻቢቴውን ኪሱ ከቶ ተከተለኝ።

ጓሮ ወጣን። ጠመንጃውን ችካሎቹ ላይ አስደገፍን፣ በውሃ ልክ አስተካከልነው፤ አረፋዋን እሱ አነበበልኝ። ብሎኖቹን አላልቼ መነጽሩን በግራ ዓይኔ የቻልኩትን ያህል ከክሩ ጋር አቃናሁት። ጎንበስ ብሎ በመነጽሩ ወደ ቱምቢው ተመለከተና ወዲያው «ልክ ነው!» አለ።

«አንተ ዘፈንክ እንጂ አላየህም። እስከ አሥር ቁጠርና እንደገና እይ።»

«እሜቴ፣ ልክ ነው ስል ልክ ነው እኮ!»

«ቁጠር።»

ቆጠረ። አራት ላይ ዘለለ፤ ከአራት አስጀመርኩት። ከዚያ ዝም አለ። ቶሎ ቶሎ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም።

«እ...» አለ። «ትንሽ ይቀራል። ግማሽ ፀጉር ወደ ግራ።»

ቁልፉ ከእጄ ወደቀ። ሣር ውስጥ በጣቴ ስፈልገው እሱ «ደህና ነዎት?» ይለኛል። ደህና ነኝ አልኩት። ካርዶቹን አላሳየሁትም፤ ይህን ቃል ማንም አላስጠናውም።

መነጽሩን ዞር አደረግሁ። «ልክ!» አለ። በዚህ ቤት ከእኔ ሌላ ሰው ይህን ቃል ሲናገር የመጀመሪያው ነው። ማጥበቁን እሱ ሊያደርገው እጁን ሰደደ፤ አንዱን ብሎን እስከ መጨረሻው ሊያዞረው ሲል ጣቱን በማስመሪያ መታሁት።

«ኧረ! ትምህርት ቤት ነው እንዴ?»

«አዎ። ሩብ ዙር፣ ከዚያ በተቃራኒው ያለው፣ ከዚያ ሌላ ሩብ። በአንዴ ከጠበቀ ፀጉሩን ይዞት ይዞራል።»

«ለዚህ ነው የእኔ የሚዞረው?»

«ለዚህ ነው። ቅንድብ የሚሰነጥቀው ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱን ማክሰኞ እነግርሃለሁ።»

ሳቀ። ቁልፉን ሰጠኝ፤ ሩብ ሩብ እያልኩ አጠበቅሁ፣ እሱ ዓይኑን ሳያነሣ «ልክ... ልክ... ልክ...» ይላል። የመጨረሻው ብሎን ላይ ስደርስ ቀና አለ።

«እሜቴ፣ እያፏጩ እኮ ነው።»

«አላፏጭም» አልኩት።

ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለ። «ያቺን... ስለ ውሃ ልክ ያልኳትን ሰምተዋል?»

«የትኛዋን?»

«ካልሰሙ ምንም አላልኩም። ከሰሙ ይቅርታ።»

ቅዳሜ 5፣ ከጠዋቱ 4፡10

ከጠባቂውና ከቶሎ ቶሎ ጋር ወደ ተኩስ መለማመጃው ሄድን። ሦስት መቶ ሜትር፣ ሦስት ጥይት። የኢላማውን ወረቀት ሲያመጡልኝ ቀዳዳዎቹን በጣቴ ዳሰስኳቸው፤ ሦስቱም በመዳፌ ሥር ገቡ።

ቶሎ ቶሎ ራቅ ሲል ለጠባቂው ነገርኩት። «እጅህ አይደለም። ዓይኔ ነው። ባትህን የቀደደው የእኔ ሥራ ነው።»

ከዘራውን መሬት ውስጥ እያሽከረከረ ቆየ። «ዓይን አያበቃም፤ ሰው ነው የሚሰንፈው ብለውኝ ነበር» አለ።

«ተሳስቻለሁ። ያበቃል።»

«እንግዲህ እኩል ሆነናል» አለና ክንዱን ሰጠኝ። እሱ በከዘራ፣ እኔ በእሱ፤ መኪናው ጋ እስክንደርስ ቶሎ ቶሎ ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ነፋ።

ቅዳሜ 5፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ

ጠባቂው ከማማው ሥር ደወለ። «አንድ ጥይት» አለ። «እዚያው የቆመበት ወደቀ። ሴቶቹ ችቦ ይዘው ሊያዩት እየወጡ ነው።» ከኋላው ሲጯጯሁ ይሰማል።

ከዚያ ለልጄ ደወልኩ። እሁድን አልጠበቅሁም። ሁሉን ነገርኳት፤ ስኳሩንም። መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ተቆጣች፣ ቀጥላ ሐኪም ዘንድ ሰኞ አብረን እንደምንሄድ ወሰነች። ስለ ክፍሏ ሳታነሣ እኔ አነሣሁ፤ ፀሐይዋ በየትኛው ሰዓት እንደምትገባ ጠየቅኋት። «እኔ እንጃ እማዬ፣ ጠዋት ላይ» አለች። እመጣለሁ አላልኩም። አልመጣምም አላልኩም። ማክሰኞ ቶሎ ቶሎ የፋርማሲስቱንና የልብስ ሰፊውን ጠመንጃ ይዞ ይመጣል፤ እሱ ያያል፣ ቁልፉን እኔ እይዛለሁ።

የጠባቂውን ካርድ ሞላሁት። ከታች «ልክ» የሚለው ላይ ቶሎ ቶሎ ፈርሟል፤ ፊርማው እንኳ እየሮጠ ነው። ገለበጥኩትና ከጀርባው በእርሳስ ጻፍኩ፦

«ግማሽ ፀጉር ገደማ ወደ ግራ መለስን። ነግሬዋለሁ።»